የክትትል ስክሪፕትን ከበስተጀርባ ስለማሠራት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የክትትል ስክሪፕት ሲባል የዲስክን ቦታ፣ የሜሞሪን ጫና፣ የአንድን ድረ ገጽ ምላሽ ወይም የመጠባበቂያ ቅጂ መኖር አለመኖሩን እየፈተሸ ችግር ሲያይ የሚያስታውቅ ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው። መጻፉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሳይሞትና ሳይደነዝዝ፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብሮ እየተነሳ ለወራት እንዲሠራ ማድረግ ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ ጥያቄዎቹም የሚበዙት በዚያ በኩል ነው። የትዕዛዞችንና የቅንብሮችን ስም እዚህ የጻፍኩት በሚነበቡበት ድምፅ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ሲያስገቧቸው በላቲን ፊደል ይጽፏቸዋል።

ተርሚናሉን ስዘጋው ስክሪፕቴ ለምን አብሮ ይሞታል?

ከስልክ መስመር ዘመን የተረፈ ልማድ ነው። በዩኒክስ የልጅነት ዘመን ሰዎች ከሩቅ ሆነው ወደ ኮምፒውተር የሚገቡት በስልክ መስመር ነበር። መስመሩ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ በዚያ መስመር ላይ ለነበሩት ፕሮግራሞች «ስልኩ ተዘግቷል» የሚል ምልክት ይልክላቸዋል፤ እነሱም ሥራቸውን ያቆማሉ። ያ የስልክ መስመር ቀርቷል። ምልክቱ ግን ሲግሃፕ በሚል ስምና በቁጥር 1 ዛሬም አለ፤ የተርሚናል መስኮት በዘጉ ቁጥር በውስጡ ለተጀመረው ሥራ የሚደርሰው እሱ ነው።

«ኖሃፕ» የተባለው ትዕዛዝ ስክሪፕቱ ይህን ምልክት እንዳይሰማ ያደርገዋል። «ስክሪን» እና «ቲመክስ» ደግሞ መስኮቱ ቢዘጋም ተርሚናሉን ራሱን ሕያው አድርገው ያቆዩታል። ለአንድ ሌሊት ሥራ ሦስቱም ይበቃሉ። ለክትትል ግን አይበቁም፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ስክሪፕቱን የሚያስነሳው፣ በስህተት ሲወድቅም ቀና የሚያደርገው የለምና።

እኔም በዚህ መንገድ ያስነሳሁት የዲስክ ጠባቂ ነበረኝ። ሰርቨሩ ለጥገና ጠፍቶ በራ፤ ጠባቂው አልተነሳም። ምንም ማስጠንቀቂያ ስላልመጣልኝ ዲስኩ ደኅና ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዳታቤዙ መጻፊያ ቦታ አጥቶ ሲቆም ነው ጠባቂ እንዳልነበረኝ ያወቅሁት። ዝም ያለ ጠባቂና የሌለ ጠባቂ ከውጭ ለሚያይ ሰው አንድ ናቸው። ከዚህ በታች የምሰጠው መልስ አብዛኛው እነዚህን ሁለቱን ስለመለየት ነው።

ሰርቪስ ማድረግ የግድ ነው? ክሮን አይበቃም?

ሰርቪስ ማለት ከበስተጀርባ ነቅቶ እንዲኖር ለሲስተሙ በአደራ የተሰጠ ፕሮግራም ነው፤ ክሮን ደግሞ በተቀጠረለት ሰዓት ፕሮግራም የሚያስነሳ መሣሪያ ነው። ክሮን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስክሪፕትዎ በየአምስት ደቂቃው ተነስቶ አንድ ነገር ፈትሾ የሚያበቃ ከሆነ ሁልጊዜ ነቅቶ የሚኖርበት ምክንያት የለም። እንዲያውም እየተነሳ የሚያበቃ ፕሮግራም ከማያበቃው የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ ቀስ በቀስ ሜሞሪ የሚበላ ጉድለት ቢኖርበት እንኳ በየዙሩ ታጥቦ ይጀምራል።

የክሮን ችግሮች ግን መታወቅ አለባቸው። ከደቂቃ በታች አይቆጥርም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ያለፈውን ሰዓት መልሶ አያካክስም። ከሁሉም የሚከፋው፣ ያለፈው ዙር ባይጨርስም አዲሱን ያስነሳል፤ አንድ ድረ ገጽ መልስ እየዘገየ ስክሪፕቱን ቢያስጠብቀው በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ ሁለት ቅጂዎች ተደራርበው ሊያገኟቸው ይችላሉ። ይህን «ኤፍሎክ» በተባለው ትዕዛዝ መከላከል ይቻላል፤ ቁልፉን የያዘ ቅጂ ካለ ሌላው እንዳይገባ ያደርጋል።

በሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስተዳድረው የሲስተምዲ ሰዓት ቆጣሪ፣ ማለትም «ታይመር»፣ ከክሮን የተሻለ ምርጫ ነው እላለሁ። ያላበቃ ሥራ ላይ ሌላ አይደርብም፤ «ፐርሲስተንት» የሚለውን ካበሩለት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ያመለጠውን የቀን ቀጠሮ ሲነሳ ያካክሳል። ግን ልብ ይበሉ፣ ካልነገሩት በቀር ከተቀጠረበት ሰዓት እስከ አንድ ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል።

ሰርቪስ የሚያስፈልገው ክትትሉ የማይቋረጥ ሲሆን ነው፦ የሎግ፣ ማለትም የመዝገብ፣ ፋይልን መስመር በመስመር ሲከተል፣ በየጥቂት ሴኮንዱ ሲለካ፣ ወይም ያለፈውን ልኬት በሜሞሪ ይዞ ከአሁኑ ጋር ሲያነጻጽር።

በሊኑክስ ላይ ሰርቪስ ለማድረግ ምን ምን ልጻፍ?

ዛሬ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ሰርቪሶችን የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ ነው። ሌናርት ፖተሪንግና ካይ ሲቨርስ ሥራውን ይፋ ያደረጉት በ2010 ሲሆን ፌዶራ በ2011፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ ደግሞ በ2015 ዋና አስነሺያቸው አድርገውታል። በሲስተሙ ውስጥ ቁጥር 1 የሂደት መለያ ያለው እሱ ነው፤ የቀሩት ሁሉ ከእሱ በኋላ ይነሳሉ።

የሚጠበቅብዎ አንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል ነው። በ«ኢቲሲ» ሥር ባለው «ሲስተምዲ» ማውጫ፣ በውስጡም «ሲስተም» በተባለው ማውጫ ውስጥ ይቀመጣል፤ የስሙ መጨረሻ ነጥብ ሰርቪስ ነው። ሦስት ክፍል አለው። «ዩኒት» የሚለው ክፍል ሰርቪሱ ምን እንደሆነና ከማን በኋላ እንደሚነሳ ይናገራል። ስክሪፕቱ ገና ሲነሳ ኢንተርኔት የሚፈልግ ከሆነ «ኔትወርክ ኦንላይን» የተባለውን ደረጃ በ«አፍተር»ም በ«ዎንትስ»ም መጥቀስ አለብዎ፤ በአንዱ ብቻ መጥቀስ የተለመደ ስህተት ነው። አፍተር ቅደም ተከተል ብቻ ነው፣ ዎንትስ ደግሞ ያንን ደረጃ የሚጠራው ነው።

«ሰርቪስ» የሚለው ክፍል ዋናው ነው። «ኤግዜክ ስታርት» ላይ የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ ይጽፋሉ። ስክሪፕቱ በፓይተን የተጻፈ ከሆነና የራሱ ምናባዊ አካባቢ (ለብቻው የተለዩ ላይብረሪዎች ያሉበት ማውጫ) ካለው፣ እዚያው አካባቢ ውስጥ ያለውን ፓይተን በሙሉ አድራሻው ይጥሩ፤ አካባቢውን አስቀድሞ ማንቃት አያስፈልግም። «ዩዘር» ላይ ስክሪፕቱ በማን ስም እንደሚሠራ፣ «ዎርኪንግ ዳይሬክተሪ» ላይ ከየት ማውጫ እንደሚነሳ፣ «ሪስታርት» ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ይጻፋል። የመጨረሻው «ኢንስቶል» የተባለው ክፍል ሰርቪሱ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከየትኛው ደረጃ ጋር አብሮ እንደሚነሳ ይወስናል፤ ለሰርቨር የተለመደው «መልቲ ዩዘር» ነው።

ፋይሉን ከጻፉ ወይም ከለወጡ በኋላ ሲስተምዲ ዳግም እንዲያነበው «ዴመን ሪሎድ» ማለትን አይርሱ። ከዚያ «ስታርት» አሁን ያስነሳዋል፤ «ኢኔብል» ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ኮምፒውተሩ ሲበራ እንዲነሳ ያደርጋል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ስታርት ብሎ ኢኔብል የረሳ ሰው ሰርቪሱ በትክክል ሲሠራ ያያል፤ የረሳውን የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ነው። የኔ ዓይነት ሦስት ሳምንት የሚመጣው እንደዚህ ነው።

በእጄ ሳስኬደው ይሠራል፤ ሰርቪስ ሳደርገው ግን እምቢ ይላል። ለምን?

በእጅዎ ሲያስኬዱት ስክሪፕቱ እርስዎ ያዘጋጁለትን ቤት ይወርሳል፤ የቆሙበትን ማውጫ፣ ባሽ የተባለው ትዕዛዝ ተቀባይ ሲነሳ የሚያነባቸውን ቅንብሮች፣ የእርስዎን ፈቃድ ሁሉ። ሰርቪስ ሲሆን ከባዶ ሜዳ ይነሳል። የሥራ ማውጫ ካልሰጡት የሚነሳው ከፋይል ሥርዓቱ ሥር ነው፤ ስለዚህ «ዳታ» ብለው በአጭሩ የጠሩት ፎልደር አይገኝም። መፍትሔው ስክሪፕቱ ውስጥ ያሉትን አድራሻዎች ሁሉ ሙሉ ማድረግ ነው።

ሰርቪሱ ያልተነሳበትን ምክንያት ሲስተምዲ በቁጥር ይናገራል፤ ሁኔታውን ሲጠይቁት መጨረሻ ላይ ያገኙታል። 203 ካለ ፕሮግራሙን ማስኬድ አልቻለም ማለት ነው፦ አድራሻው ተሳስቷል፣ የማስኬድ ፈቃድ የለውም፣ ወይም የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር የሌለ አስኪያጅ ይጠራል። 200 የሥራ ማውጫው አለመገኘቱን፣ 217 ደግሞ የተጠቀሰው ተጠቃሚ አለመኖሩን ይናገራል።

ሰውን ለሰዓታት የሚያደናግር አንድ ነገር ልጨምር። ስክሪፕቱ ዊንዶውስ ላይ ተጽፎ ወደ ሊኑክስ የተቀዳ ከሆነ በየመስመሩ መጨረሻ አንድ የማይታይ ተጨማሪ ፊደል አለ። ያ ፊደል ከመጀመሪያው መስመር ጋር ስለሚጣበቅ ኮምፒውተሩ በዚያ ስም የተጠራ አስኪያጅ ይፈልጋል፤ አያገኝም። ፋይሉ ዓይንዎ ፊት ተቀምጦ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይልዎታል።

ሌላው የድሮ ልማድ በትዕዛዙ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ የመላኪያ ምልክት ማስገባት ወይም ስክሪፕቱ ራሱን እንዲያባዛ ማድረግ ነው። ይህን ይተዉት። ሲስተምዲ ስክሪፕቱን ከፊት ለፊት እንደሚሠራ አድርጎ ይጠብቀዋል፤ ወደ ኋላ ከሸሸበት ሥራውን እንደጨረሰ ይቆጥረዋል።

ሎጉ ለምን ባዶ ነው? ስክሪፕቱ እየሠራ መሆኑን ግን አውቃለሁ።

ፓይተን ውጤቱን የሚጽፈው ወደ ተርሚናል ካልሆነ ጥቂት ሺህ ፊደላት እስኪጠራቀሙ ይዞ ይቆያል። በሰዓት አንድ መስመር የሚጽፍ ስክሪፕት ቀናት ሊፈጅበት ነው። ፓይተንን በ«ዩ» አማራጭ ያስነሱት፤ ወዲያው መጻፍ ይጀምራል። ከዚያ የሲስተምዲን መዝገብ የሚያነበው «ጆርናል ሲቲኤል» የተባለው ትዕዛዝ በሰርቪሱ ስም ሲጠየቅ ሁሉንም ያሳያል፤ የተለየ የሎግ ፋይል ማዘጋጀት አያስፈልግም። መዝገቡ ዲስኩን ይሞላል ብለውም አይስጉ፤ ካልቀየሩት ከፋይል ሥርዓቱ 10 በመቶ፣ ቢበዛም ከ4 ጊጋባይት አያልፍም።

«ሁልጊዜ አስነሳው» ብዬ ካዘዝኩት ነገሩ አለቀ አይደል?

አላለቀም። «ኦን ፌይለር» የሚለውን ከመረጡ ስክሪፕቱ በስህተት ሲወድቅ ይነሳል፤ በሰላም፣ ማለትም ዜሮ መልሶ ሲያበቃ ግን አይነሳም። ማብቂያ ለሌለው ክትትል «ኦልዌይስ» ይሻላል።

ነገር ግን ገደብ አለ። ካልቀየሩት በቀር ሰርቪሱ በ10 ሴኮንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከተነሳ ሲስተምዲ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። በመውደቅና በመነሳት መካከል ያለው ዕረፍት ደግሞ ካልተነካ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ኔትወርክ ለጥቂት ጊዜ ሲጠፋ ሲነሳ ወዲያው የሚወድቅ ስክሪፕት አምስቱን ዕድል በሁለት ሴኮንድ ይጨርስና ለዘለዓለም ይተኛል። «ሪስታርት ሴክ» ላይ 30 ሴኮንድ ቢጽፉ ችግሩ ይቀረፋል።

አንዳንዱ ደግሞ መውደቅን ፈርቶ ስህተትን ሁሉ ይዞ የሚውጥ ኮድ ይጽፋል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ስህተቱን የዋጠ ስክሪፕት በሲስተምዲ ዓይን ጤነኛ ነው፤ ምንም ሳይለካ ዓመት ሊከርም ይችላል። የማይታለፍ ስህተት ሲገጥመው ምክንያቱን ጽፎ ይውደቅ። ማንሳቱ የሲስተምዲ ሥራ ነው።

«እየሠራ ነው» ይላል፤ ግን ከትናንት ጀምሮ ምንም አልለካም። ምን ሆኖ ነው?

አንድ ቦታ ተገትሮ መልስ እየጠበቀ ነው። ድረ ገጽ በሚፈትሹ ስክሪፕቶች ላይ ይህ ከመውደቅ ይልቅ ይበዛል። «ሪኩዌስትስ» የተባለው ታዋቂ የፓይተን ላይብረሪ የጊዜ ገደብ ካልሰጡት ወሰን የሌለው ትዕግሥት አለው፤ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰርቨር መስመሩን ሳይዘጋ ዝም ካለ ስክሪፕቱም አብሮ ዝም ይላል። ከውጭ ጋር በሚነጋገር በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ የጊዜ ገደብ ያስገቡ፤ 10 ሴኮንድ ለብዙው ይበቃል።

ከዚህ በላይ ከፈለጉ «ዎችዶግ» የሚባለውን ይጠቀሙ። ሰርቪሱ በየተወሰነ ጊዜ «አለሁ» ካላለ ሲስተምዲ ገድሎ ያስነሳዋል። ሁለት ደቂቃ ከሰጡት ስክሪፕቱ በየደቂቃው «አለሁ» ማለት አለበት። የባሽ ስክሪፕት ከሆነ ይህን የሚለው በሌላ ትንሽ ትዕዛዝ በኩል ስለሆነ «ኖቲፋይ አክሰስ» ላይ «ኦል» ብለው መፍቀድ ያስፈልግዎታል፤ አለዚያ ድምፁን አይሰማም። «አለሁ» የሚለው መስመር ደግሞ ከልኬቱ በኋላ ይቀመጥ። በተለየ ክር (ጎን ለጎን በሚሄድ የፕሮግራሙ ክፍል) ላይ ራሱን ችሎ የሚያጨበጭብ ከሆነ ዋናው ሥራ ቢሞትም ማጨብጨቡን ይቀጥላል።

ስክሪፕቱ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ ቢሞት ማን ይነግረኛል?

ከሁሉም ጥያቄዎች የማከብረው ይህን ነው፤ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ሲስተምዲ ስክሪፕቱን ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ግን ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። የኢንተርኔት መቋረጥን የሚከታተል ስክሪፕት መቋረጡን በኢሜይል ሊነግርዎ ሲሞክር በየትኛው መስመር እንደሚልከው አስበውበታል? ዲስክ ሲሞላ የሚያስጠነቅቀውስ መልእክቱን ከመላኩ በፊት ጊዜያዊ ፋይል የሚጽፍ ከሆነ?

መፍትሔው ነገሩን መገልበጥ ነው። ስክሪፕቱ ችግር ሲኖር ብቻ ከሚናገር፣ በየዙሩ መጨረሻ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ወዳለ አድራሻ አጭር የሕይወት ምልክት ይላክ። ያኛው ኮምፒውተር ምልክቱ ሲቀርበት ይጮሃል። በዚህ አሠራር ዝምታው ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሆናል፦ የኤሌክትሪክ መቋረጥ፣ የኔትወርክ መበጠስ፣ የስክሪፕት መሞት፣ ኢኔብል መርሳት፣ ሁሉም በአንድ መረብ ይያዛሉ። ተቀባዩ በሌላ ሕንፃና በሌላ መስመር ላይ ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ኮምፒውተሮች ካሉዎት አንዱ የሌላውን ምልክት ይቀበል። ምልክቱ በየአምስት ደቂቃው የሚላክ ከሆነ አንድ ሲቀር አይጩህ፤ ሦስት ተከታታይ ሲቀር ይጩህ።

ማስጠንቀቂያው መቼ ይላክ?

ዲስኩ 99 በመቶ ሲሞላ የሚመጣ መልእክት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። በ80 በመቶ አንድ ጊዜ፣ በ90 በመቶ ሌላ ጊዜ ይናገር። የተበላውን ቦታ ብቻም አይለካ፤ የሊኑክስ የፋይል ሥርዓቶች የፋይል መመዝገቢያ ቁጥርም አላቸው፤ «አይኖድ» ይባላል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ሲከማቹ ግማሽ ዲስክ ባዶ ሆኖ አይኖድ ሊያልቅ ይችላል፤ ያኔም ኮምፒውተሩ የሚለው «ቦታ የለም» ነው።

በሌላ በኩል ከልክ በላይ የሚጮህም አይጠቅምም። ፕሮሰሰሩ ለአምስት ሴኮንድ ስለተጨናነቀ መልእክት የሚልክ ስክሪፕት በሁለተኛው ሳምንት ማንም አያነበውም። ሁኔታው ለተከታታይ ሦስት ልኬቶች ሲጸና ይላክ፤ ሲሻል ደግሞ «ተስተካክሏል» የሚል አንድ መልእክት ይከተል። ማስጠንቀቂያው በ90 ጀምሮ በ85 የሚያበቃ ቢሆን ቁጥሩ በ89 እና በ90 መካከል ሲዋዥቅ ስልክዎ ሲንጫጫ አያድርም።

በሩት ሥልጣን ላሠራው?

ካልጻፉበት በቀር ሲስተምዲ የሚያሠራው በሩት፣ ማለትም ሁሉ በተፈቀደለት ተጠቃሚ ስም ነው፤ ስለዚህ ዝም ማለትም ምርጫ ነው። የዲስክና የሜሞሪ ልኬት ሩት አይጠይቅም። ለስክሪፕቱ ብቻ የሚሆን፣ መግቢያ የሌለው ተጠቃሚ ይፍጠሩለት። የይለፍ ቃልን በትዕዛዙ መስመር ላይ አይጻፉ፤ የሂደቶችን ዝርዝር ማየት የሚችል ሁሉ ያነበዋል። ባለቤቱ ብቻ በሚያነበው ፋይል ውስጥ ያስቀምጡት።

ዊንዶውስ ላይስ?

ስክሪፕትን በቀጥታ ሰርቪስ አድርገው ቢያስመዘግቡት ስህተት ቁጥር 1053 ያገኛሉ። የዊንዶውስ የሰርቪስ አስተዳዳሪ አዲስ የተነሳው ፕሮግራም በ30 ሴኮንድ ውስጥ በራሱ ቋንቋ እንዲመልስለት ይጠብቃል፤ ተራ ስክሪፕት ይህን ቋንቋ አያውቅም። ስለዚህ በመካከል የሚያስተረጉም ያስፈልጋል፤ «ኤንኤስኤስኤም» የተባለው ነጻ መሣሪያ ለዚህ የታወቀ ነው።

ብዙዎች ግን «ታስክ ስኬጁለር»ን ይመርጣሉ፤ ቀላልም ነው። ወጥመዶቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ሳይነኩ የሚመጡ ቅንብሮች ናቸው። አንደኛው ከ3 ቀን በላይ የሠራን ሥራ ያስቆማል፤ ሁለተኛው ላፕቶፑ በባትሪ ላይ ከሆነ አያስነሳም። «ሰኞ ያስነሳሁት ሐሙስ ይሞታል» የሚል ሰው ካጋጠመዎ መልሱ የመጀመሪያው ነው። ከዚህ ሌላ፣ ከቪስታ ጀምሮ ሰርቪሶች ከተጠቃሚው ገበታ ተለይተው ስለሚሠሩ መስኮት ከፍቶ የሚያስጠነቅቅ ሰርቪስ መስኮቱን ማንም አያየውም። በእርስዎ ስም በፊደል የተሰየሙ የኔትወርክ ድራይቮችንም አያያቸውም፤ ሙሉ የኔትወርክ አድራሻቸውን ይስጡት።

ማክ ላይስ?

ሥራው የ«ላውንችዲ» ነው፤ ከ2005 ጀምሮ አለ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚነሳውን «ላውንች ዴመን»፣ ተጠቃሚው ሲገባ የሚነሳውን «ላውንች ኤጀንት» ይለዋል። «ኪፕ አላይቭ» የወደቀውን ያነሳል። ስክሪፕቱ ዶክዩመንትስ ወይም ዴስክቶፕ ፎልደር ውስጥ ከሆነ ካታሊና ከተባለው የማክ ስሪት ወዲህ የግላዊነት ጥበቃው ሊከለክለው ስለሚችል ከዚያ ያውጡት። ላፕቶፑ ሲተኛ ስክሪፕቱም እንደሚተኛ ደግሞ ይወቁ።

«ዴመን» የሚለው ስም ከሰይጣን ጋር ግንኙነት አለው?

የለውም። ከበስተጀርባ ለሚሠራ ፕሮግራም የተሰጠ ስም ሲሆን በ1963 አካባቢ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበሩ የኮምፒውተር ሰዎች ከፊዚክስ የተዋሱት ነው፤ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በሐሳብ ሙከራው ያሰበውን፣ ሳይታይ ተቀምጦ ሞለኪውሎችን ሲለይ የሚውለውን ፍጡር ይዘው።

ከማመኔ በፊት እንዴት ልፈትነው?

ይግደሉት። በምልክት ቁጥር 9 ይግደሉትና ተመልሶ መነሳቱን ይዩ። በሥርዓት እንዲቆምም ይዘዙት፤ ሲስተምዲ መጀመሪያ ቁጥር 15ን ይልካል፣ 90 ሴኮንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ በ9 ይጨርሰዋል። ስክሪፕቱ ሁልጊዜ 90 ሴኮንዱን ከፈጀ ቁጥር 15ን እየሰማ አይደለም። የማስጠንቀቂያውን ወሰን ለጊዜው ወደ 1 በመቶ ያውርዱና መልእክቱ ስልክዎ ላይ መድረሱን ይመልከቱ። የኔትወርክ ገመዱን ለሩብ ሰዓት ይንቀሉና የሕይወት ምልክቱን የሚቀበለው ኮምፒውተር መጮሁን ያረጋግጡ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩት፤ የይለፍ ቃል አያስገቡ፣ ምንም አይንኩ፤ በሌላኛው ኮምፒውተር ላይ የመጀመሪያው ምልክት እስኪደርስ ይቀመጡ።